«በፊት» የምትለዋን ቃል ያሰረዙት ጋሽ መንገሻ

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ እህቴ ከቀራንዮ ድረስ መጥታ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ አስጠራችኝ። እናታችን የላከችልኝን በሶ ካቀበለችኝ በኋላ፣ «ጋሽ መንገሻ ዐረፉ» አለችኝ። ሳንባቸውን ታመው ሁለት ሳምንት ያህል እንደተኙና እስከ መጨረሻው ድረስ የሱቁን ሰልፍ ማን እንደያዘው ሲጠይቁ እንደነበር ነገረችኝ።

«አሁን ማን ያዘው?» አልኳት።

«አንድ ወጣት አምጥተዋል። ደህና ልጅ ነው፤ ግን ይሰማል።»

ሰፈራችንን ለማያውቅ አንባቢ ይህ የእህቴ አነጋገር እንግዳ ስለሚሆንበት ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ጋሽ መንገሻ የቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ ዘበኛ ነበሩ። ረጅምና ትከሻ ሰፊ ሲሆኑ፣ ሁልጊዜ የሚለብሱት የካኪ ኮት አራት አዝራር ነበረው፤ አራቱም ግን አይመሳሰሉም። ግራ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም። ቀኙ ቀረብ ብለው ጮክ ካሉበት ይሰማል። ስኳር ወይም ሳሙና ሊመጣ ነው ከተባለ የሰፈሩ ሰው ወረፋ የሚይዘው ራሱ ቆሞ ሳይሆን ዕቃ አስቀምጦ ነበር። አንዱ ድንጋይ፣ ሌላው የተቀደደ ቅርጫት፣ ሌላው እጀታ የሌለው ጣሳ ያሰልፍና ወደ ሥራው ይሄዳል። የሁሉንም ባለቤት የሚያውቁት ጋሽ መንገሻ ብቻ ነበሩ። ለእኔ አንዱ ድንጋይ ከሌላው አይለይብኝም፤ እሳቸው ግን በዱላቸው እየነኩ «ይቺ የወይዘሮ አስካለ ናት፤ ይቺ የልብስ ሰፊው፤ ይቺ ደግሞ ማንም ያላስቀመጣት ዝም ብላ እዚህ የኖረች ናት» ብለው የመጨረሻዋን በእግራቸው ገፋ ያደርጓታል።

ወረፋ ለመዝለል የሚለማመጣቸው ሰው ሲመጣ ግራ ጆሯቸውን ያዞሩለታል። ተናጋሪው የፈለገውን ያህል ይናገራል። እሳቸውም በሐዘኔታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ቀን የአንድ ትልቅ ሰው ባለቤት (ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም) እንግዳ እንደሚመጣባቸው፣ ሠራተኛቸው እንደታመመች፣ ወገባቸውም እንደሚያማቸው በዝርዝር ሲነግሯቸው ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ጋሽ መንገሻ እስከ መጨረሻው ታግሠው አዳመጡ፤ ማዳመጥ ከተባለ።

«ጨረሱ?» አሏቸው።

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያስ ድንጋይዎን ያምጡ።»

እኚህን ሰው በቅርብ ያወቅኳቸው የአሥራ አንደኛ ክፍልን ጨርሼ በቀበሌው አዳራሽ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩ ጊዜ ነው። ከሰዓት በኋላ እንማር ነበር። ጋሽ መንገሻ በመጀመሪያው ቀን መጥተው ፊት ወንበር ላይ፣ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እኔ አድርገው በጎን ተቀመጡ። በእጃቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል። እኔም በመመሪያው እንደታዘዝኩት እያንዳንዱ ተማሪ ለምን ዓላማ እንደመጣ እየጠየቅኩ እመዘግብ ነበር።

«አንድ ወረቀት ለማንበብ ነው» አሉኝ።

«ደብዳቤ ነው?»

«ስድብ ነው።»

ሳቅ ሆነ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ክፍል ውስጥ እስካለን ድረስ «መምህርት አልማዝ» እና «እርስዎ» ይሉኝ ነበር፤ ከአዳራሹ ደጃፍ ስንወጣ ግን ወዲያው «አንቺ ልጅ፣ ለእናትሽ ሳሙና ነገ ይመጣል በያት» ይላሉ። ይህን ቅደም ተከተል አንድም ቀን አላዛነፉትም።

ክረምቱ ከማለቁ በፊት ጋሽ መንገሻ ቃል ማንበብ ጀመሩ። ያን ጊዜ ፌስታሉን ፈቱ። የስንብት ወረቀታቸው ነበር። በጣታቸው እየጠቆሙ፣ በየፊደሉ እየቆሙ፣ «ከቅጥር በፊት በነበረ የጆሮ ሕመም ምክንያት ከሠራዊቱ ተሰናብቷል» የሚለውን አነበቡት። ምን እንደሚል ሌላ ሰው አንብቦላቸው ድሮም ያውቁ ነበር፤ በገዛ ዓይናቸው ማየት ነበር የፈለጉት።

«መምህርት አልማዝ፣ ‹በፊት› የምትለው ይቺ ናት?»

«አዎ፣ እሷ ናት።»

«እስቲ ሰሌዳው ላይ ይጻፉልኝ።»

ጻፍኩላቸው። ተነሥተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ፤ ቃሏን ትንሽ አየት አደረጓትና በኮታቸው እጅጌ አጠፏት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። ትምህርታችንም ቀጠለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ መንገሻ በሚሊሺያነት ዘምተው አራት ዓመት መድፍ ሲያጎርሱ ኖረዋል። የሚቆሙት በመድፉ ቀኝ በኩል ስለነበር ግራ ጆሯቸው ሁልጊዜ ወደ አፈሙዙ ነበር። በመጨረሻ መስማት ሲያቅታቸው በቦርድ ተሰናበቱ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሕመሙ ከመቀጠራቸው በፊት የነበረ ነው ተብሎ ተጻፈ። በግዳጅ ላይ የተጎዳ ሰው በጦር ጉዳተኛነት ተመዝግቦ ይታከማል፣ የመስሚያ መሣሪያም ያገኛል። «በፊት» የተባለለት ግን ከቤቱ ይዞት የመጣው በሽታ ስለሆነ ወደ ቤቱ ይዞት ይመለሳል።

«ጆሮዬን እዚያ ጥዬ መጣሁ» ይሉ ነበር ጋሽ መንገሻ። «ወረቀቱ ግን መጀመሪያም አልነበረህም ይለኛል። ሌላው ሁሉ ይቅርና፣ እኔ የሌለኝን ነገር ጣልኩ የምል ሰው ነኝ?»

ስለዚህ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይላቸው አቤቱታ ማቅረብ ጀመርን። ሐሳቡን አብረን እናወጣለን፤ በእጃቸው ካልጻፉት ግን አይሆንም አሉ። አንድ ገጽ አራት ቀን ይፈጅባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደብዳቤዎች ውሳኔው ትክክል ነው የሚል አጭር መልስ አገኙ። ለምን «በፊት» ተባለ ብዬ በጠየቅኳቸው ቁጥር ጋሽ መንገሻ ግራ ጆሯቸውን ያዞሩብኛል። ሦስተኛው ደብዳቤ ግን ሙሉ ገጽ መልስ ይዞ መጣ፤ ቃላቱ ስለከበዷቸው እንዳነብላቸው ቤታቸው ድረስ ወሰዱኝ።

ጋሽ መንገሻ ሚስት አላገቡም፤ የሚኖሩት ከእናታቸው ከእማማ ዘነቡ ጋር ነበር። እማማ ዘነቡ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ስንገባ በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። እኔም ወደ ጋሽ መንገሻ ቀኝ ጆሮ ጠጋ ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ በምልመላ ጊዜ የመረመራቸው ሐኪም «ግራ ጆሮው አይሰማም፤ ለአገልግሎት ግን ይበቃል» ብሎ በመዝገቡ ላይ ጽፏል፤ ስለዚህ ሕመሙ ከቅጥር በፊት የነበረ መሆኑ ተረጋግጧል።

«መዝገቡ ተሳስቷል ብለን እንጻፍ» አልኩ።

እማማ ዘነቡ ምስሩን አስቀመጡ። «ድገሚው እስቲ» አሉኝ።

ደገምኩት።

«አይሰማም ብሎ ጻፈ? ዶክተሩ?»

«አዎ እማማ።»

«አምኖት ነበር ማለት ነው!» አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ መቱ። ወደ ልጃቸው ቀኝ ጆሮ ዞረው፣ «አንተ፣ አምኖህ ነበር እኮ!» ብለው ጮኹ። ጋሽ መንገሻ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ፊታቸው ቀስ እያለ በራ። ከዚያ መሥሪያ ቤት በመጣ ወረቀት ሲደሰቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

እኔ ብቻ ነበርኩ ያልገባኝ፤ ነገሩኝ። የምልመላው ጊዜ እንደደረሰ እማማ ዘነቡ አንድ ልጃቸውን ላለማጣት ደንቆሮ መምሰልን ያስተምሯቸው ጀመር። ያን ጊዜ ጋሽ መንገሻ ሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ትምህርቱ ሰባት ቀን ፈጀ። ልጅየው ጀርባቸውን ሰጥተው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ እናትየው ከኋላ ትሪ ይጥላሉ፣ «ምሳ ቀርቧል» ይላሉ፣ «ላሚቱ ገመዷን በጠሰች» ይላሉ።

«ፊቱን ድንጋይ ያደርገዋል» አሉኝ እማማ ዘነቡ። «አንገቱ አይንቀሳቀስ፣ ዓይኑ አይርገበገብ። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ግን ብድግ ትላለች። ‹ኧረ ያቺን ጣትህን ያዛት› እላለሁ። ይዣታለሁ ይላል። ትሪውን ስጥል እንደገና ብድግ። እሱ ባይሰማ ጣቱ ትሰማለች።»

«ወሰዱኝና» አሉ ጋሽ መንገሻ፣ «ጣቴ ናት ያስያዘችኝ ብዬ አራት ዓመት ሙሉ በጫማዬ ውስጥ ስረግማት ነበር።»

«እኔም ከተመለሰ ጀምሮ ‹ያቺ ጣትህ› እያልኩ ስወቅሰው ኖርኩ። ለካ ልጄ አላሳፈረኝም። አሳምኖታል፤ እነሱ ናቸው በአንድ ጆሮም ይበቃል ብለው የወሰዱት።»

እናትና ልጅ ይህን ያህል ሲደሰቱ እኔ ጭንቅ ያዘኝ። ይህ ካልተነገረ መዝገቡ ትክክል ሆኖ ይቀራል። ከተነገረ ደግሞ ጋሽ መንገሻ ከእናት አገር ጥሪ ለመሸሽ የሞከሩ ሰው ይሆናሉ፤ ይህ በዋዛ የሚታይ ጥፋት አይደለም። በሰፈሩም የሚታወቁት በፈቃዳቸው እንደዘመቱ ተደርጎ ነው። ሌላው ቢቀር ያ ሁሉ ሰው ድንጋዩን አምኖ የሚያስቀምጠው እሳቸው አያታልሉም ብሎ ነበር። ይህንኑ በቀስታ ነገርኳቸው። ፌስታሉን መልሰው ጠቀለሉ።

ለሦስት ቀን ባገኘኋቸው ቁጥር የሚያዞሩልኝ ግራ ጆሯቸውን ነበር። በአራተኛው ቀን ክፍል ገብተው ተቀመጡና እጃቸውን አወጡ።

«መምህርት አልማዝ፣ ‹አስመስዬ ነበር› እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው። ክፍሉ በሙሉ ለልምምድ ገለበጠው፤ ለምን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም።

ጉዳዩን እንደገና ለማየት የተሰየመው ቦርድ የጠራን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ጥያቄውን በቀኝ ጆሯቸው የምነግራቸው እኔ ስለሆንኩ አብሬ ገባሁ፤ እማማ ዘነቡ ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው ገቡ። ከጠረጴዛው ኋላ ሰብሳቢው ሻለቃ፣ መነጽር ያደረጉ ሐኪምና የጽሕፈት መኪና ይዛ የተቀመጠች ጸሐፊ ነበሩ። ሻለቃው አቤቱታውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «በምልመላ ጊዜ የደነቆርኩት አስመስዬ ነበር፤ አሁን ግን እውነቴን ነው» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ደግመው በልባቸው አነበቡት።

«ሐኪሙን አታለልክ ማለት ነው?» አሉ። ጥያቄውን በጋሽ መንገሻ ቀኝ ጆሮ ነገርኳቸው።

«አዎ ጌታዬ» አሉ ጋሽ መንገሻ፣ ቀጥ ብለው ቆመው። «ያታለልኩት አንድ ቀን ነው። መድፍ ያጎረስኩት አራት ዓመት ነው።»

«ታዲያ አሁንስ እያታለልከን እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?»

ሐኪሙ ጣልቃ ገብተው፣ «እኔ ባለፈው ሳምንት መርምሬዋለሁ፤ ግራው ምንም አይሰማም» አሉ።

«ያኛውም ሐኪም እንደዚሁ ብሎ ነበር» አሉ ሻለቃው።

ሐኪሙ ወደ ወረቀታቸው አጎነበሱ። እኔም ይህን በጋሽ መንገሻ ጆሮ ለመናገር አፍሬ ቆምኩ። ጉዳዩ አለቀለት ብዬ ነበር። ያን ጊዜ እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ወጡ።

«ጌቶቼ፣ ጫማውን ያውልቅ» አሉ።

«ምን?»

እማማ ዘነቡ የጣቷን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ትሪውንም ላሚቱንም ሳይተዉ ተናገሩ። ሻለቃው ሊያስቆሟቸው እጃቸውን ሁለት ጊዜ አንሥተው ሁለት ጊዜ መለሱት። ሐኪሙ ግን በጥሞና ሰሙና፣ «ሰው ፊቱን ይገዛል፤ ጣቱን መግዛት ግን ከባድ ነው። ብንሞክረው አይጎዳም» አሉ።

ጋሽ መንገሻ ወንበር ላይ ተቀምጠው የቀኝ እግር ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸው ልክ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ስለነበር ካልሲውን ማውለቅ እንኳ አላስፈለገም። እማማ ዘነቡ፣ «ይህን ባውቅ እሰፋው ነበር» ብለው ጸሐፊዋን ይቅርታ ጠየቁ። ሐኪሙ ደህናውን ጆሮ በጥጥ ወተፉና በመዳፋቸው ደፈኑት። ሻለቃው ከጠረጴዛው ኋላ ተነሥተው መጡ፤ ጸሐፊዋም መኪናዋን ትታ መጣች። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አንዲት ጣት እንጠብቅ ጀመር።

ከኋላ የብርጭቆ ትሪ ተጣለ። እኔ ዘለልኩ። ጣቷ አልተነቃነቀችም። ሻለቃው ባልታሰበ ሰዓት «ተነሥ!» ብለው ጮኹ፤ በኮሪደሩ የሚያልፍ አንድ ወታደር በሩን ከፍቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጣቷ አልተነቃነቀችም።

«ትሪና ትእዛዝ ለምዶ ይሆናል» አሉ ሻለቃው፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። «እናቴ፣ እርስዎ ያውቁታል። ከሰማ ጣቱ ዝም ልትል የማትችልበት ነገር ካለ ይንገሩት።»

እማማ ዘነቡ ጥቂት አሰቡ። ከዚያም ወደ ልጃቸው ግራ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ ሳይጮኹም ሳያንሾካሹኩም ተናገሩ። እሁድ ለልቅሶ ስሄድ ያሉትን እንድጽፍ አስፈቅጃቸዋለሁ። «አሁን ጻፊው፤ እሱ እንደሆነ አንብቦ አይቆጣኝም» ብለውኛል።

«መንገሻ ልጄ» አሉ፣ «ያንን ወረቀት ይዘህ የመጣህ ዕለት አንተ ወደ ግድግዳ ዞረህ ስታለቅስ እኔ መድኃኔዓለም ሄጄ የስለቴን ጃንጥላ አስገባሁ። ጆሮህን ወስዶ አንተን ስለመለሰልኝ። አብረውህ የሄዱት ጆሯቸው ደህና ነበር፤ እዚያው ቀሩ። አንተ ስድብ የምትለውን ወረቀት እኔ ስሜዋለሁ። አንተ ስትናደድበት እኔ ስደሰትበት ኖሬያለሁና ይቅር በለኝ።»

ሁላችንም ወደ ታች አየን። ጣቷ ከካልሲው ቀዳዳ ብቅ እንዳለች ጸጥ ብላለች። ጋሽ መንገሻ ፈተናውን እንደሚጠብቅ ተማሪ ወደ መስኮቱ ይመለከቱ ነበር። ከዚያ የሁላችንንም ዝምታ አይተው፣ «ጀመራችሁ?» አሉ።

ሻለቃው ወደ ቦታቸው ተመለሱና ጀርባቸውን ሰጥተውን ትንሽ ቆሙ። ሲዞሩ ለጸሐፊዋ፣ «ጻፊ» አሏት። «በግዳጅ ላይ በደረሰ ጉዳት።» ስለዚያ ስለ አንዱ ቀን ምንም አላጻፉም።

አዲሱ ወረቀት ሲደርስ ጋሽ መንገሻ እዚያው መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመው ራሳቸው አነበቡት። አንድ ጊዜ ለማንበብ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ «በፊት» የሆነ ቦታ ተደብቃ እንደሆነ ለመፈለግ። ሰው ማለፊያ አጥቶ እስኪጨናነቅ ድረስ ከበሩ አልተነቃነቁም።

የመስሚያው መሣሪያ ከብዙ ወራት በኋላ መጣ። ለቀኝ ጆሯቸው የምትሆን ትንሽ ነገር ነበረች። ሱቁ በር ላይ አድርገዋት የዋሉት ግን ግማሽ ቀን ብቻ ነው። በዚያ ግማሽ ቀን ወገቧን የሚያማት፣ እንግዳ የሚመጣባት፣ ልጅ ጥላ የመጣች፣ የሁሉም ብሶት ተሰማቸውና አንዱን እሺ ሌላውን እሺ ሲሉ እስከ ምሳ ሰዓት ድንጋዮቹ ሁሉ ተደበላለቁ። ነቅለው ኪሳቸው ከተቷት። ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያንና ለክፍል ብቻ ያደርጓት ነበር።

ድንጋዮቹ በተደበላለቁበት ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴ ወደ እማማ ዘነቡ ልካኝ ቤታቸው ነበርኩ። ጋሽ መንገሻ መሣሪያዋን መልሰው አድርገው ገቡ፤ አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ ቦርድ ፊት እማዬ ምን አለችኝ?»

«እሳቸውን አልጠየቋቸውም?»

«ጠየቅኳት። ‹ምሳ ቀርቧል ነው ያልኩህ› አለችኝ። በምሳ ሻለቃ ዓይኑን አይጠርግም።»

እኔ ውሸት አይሆንልኝም፤ እንኳን የምጽፈውን፣ የምናገረውንም ሁለት ጊዜ አስቤ ነው። በትከሻቸው በኩል ሳይ እማማ ዘነቡ እጃቸውን ከሥራቸው አንሥተው ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለዋል።

«እኔ አልሰማሁም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ጋሽ መንገሻ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ መሣሪያዋን ከጆሯቸው አወጡና በመሐረባቸው ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ።

«እንግዲያስ አንቺንም ቦርድ ይይሽ» አሉኝና ወደ ሰልፋቸው ሄዱ።